ያለ ክኒኑ እወድሽ እንደሆነ

የክኒን ብልቃጧ ከነርሷ ከሰገነት እጅ የተነጠቀችው በጠያቂ ፊት ነው፤ ያውም በእሑድ ቀን፣ ከመድኃኔ ዓለም ቅዳሴ መልስ፣ የወይዘሮ ለተማርያም ፎቅ ነጠላ በለበሰ ሰው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ።

የነጠቋት ወይዘሮ ሥራዬ ናቸው፤ የወይዘሮ ለተማርያም የአክስት ልጅ፣ በሽተኛ ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ ትናንት የገቡ። መነጽራቸውን አስተካክለው ብልቃጧን ወደ መስኮቱ አስጠጉና አንዲቷን ቀይ ክኒን መዳፋቸው ላይ አንከባለሏት።

«እኔ እኮ አውቃታለሁ ይቺን! የምራቴ ክኒን አይደለችም እንዴ?»

«ምራትሽ ደግሞ ምን ነካት?» አሉ ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ።

«አእምሮዋን ነዋ፣ ጋሼ! ወልዳ ሕፃኑን አላይም፣ ከአልጋ አልወርድም ብላ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ አልወሰድናትም? ይቺኑ ነው የሰጧት። ቀለሟ ሳይቀር ይቺው ናት።»

ዓይን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ክኒኗ፣ ቀጥሎ ወደ ሰገነት፣ በመጨረሻም መስኮቱ አጠገብ ወደተቀመጠው ወደ አባይነህ ዞረ።

አባይነህ እንደሻው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ነው። ከፊቱ ትንሽ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን የባቢሌ ለውዝ። በደከመው ቀኝ እጁ ለውዙን ከነቅርፊቱ አንሥቶ ሊሰብር ሲታገል ነበር፤ የሰገነት ትእዛዝ ነው። አሁን ጣቶቹ ቆሙ።

ዕድሜው ገና ሠላሳ ሦስት ነው። አባቱ ፊታውራሪ እንደሻው መሬትና ስም ትተውለት ቢሞቱም እሱ የወደደው የማዘጋጃ ቤቱን የካርታ ክፍል ነበር፤ የሐረር ጀጎልን ጠባብ መንገዶች በቀጭን ብዕር ሲሥል ይውል ነበር። በጥር ወር አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። አንጎሉ ውስጥ አንድ የደም ሥር ተዘግቶ ቀኝ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ከዳው። ሆስፒታሉ ነፍሱን አተረፈለት። ቤቱ ግን ሊገድለው ነበር ትላለች ሰገነት። በግራ እጅ መብላት ነውር ነው፣ ቀኙ ደግሞ አይሠራም፤ እንግዲህ ምን ይደረግ? ጉርሻ! እናት ያጎርሳሉ፣ አክስት ታጎርሳለች፣ ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ሁሉ «በሞቴ» እያለ ያጎርሳል። የፊታውራሪ ልጅ ታሞ ሳለ ብርጭቆ ራሱ ቢያነሣ የቤቱ ውርደት ነው። በዚህ ሁሉ ደግነት መሐል እጁ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሰገነት በምራትነት የተከለከለችውን ደጅ የገባችው በነርስነት ነው። ከሕመሙ በፊት ሁለት ዓመት ተዋደዋል። ፈላና በር አካባቢ ለካርታ ሥራ ሲዞር ጠምቶት ውኃ የለመነው የእናቷን የአበበችን ጠላ ቤት ነበር፤ ውኃውን ያቀበለችው ሰገነት ናት። እናቱ ወይዘሮ ለተማርያም ነገሩን ሲሰሙ «የጠላ ሻጭ ልጅ እግሯ የኔን ደረጃ አይረግጥም» አሉ። ረገጠው። ከሆስፒታሉ ዶክተር ሙሉጌታ «እጅና እግሩን የምታሠራው ነርስ ያስፈልገዋል» ብሎ ሲልካት እንቢ የሚሉበት አፍ አልነበራቸውም።

ስትመጣ ያገኘችው አባይነህ ግን የምታውቀው አባይነህ አልነበረም። «ለምን መጣሽ» እንኳ አላላትም። እንደ ቁም ሣጥን ነው ያያት። እጁን ስታነሣው ይነሣል፣ ስትለቀው ይወድቃል። ዶክተር ሙሉጌታም ይህን ሰምቶ ክኒኗን አዘዘ።

«የሐዘን መድኃኒት ናት» አላት። «እጁን በራሷ ታንቀሳቅስ እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም ገና በደንብ አያውቅም። እኔ የማውቀው፣ ልቡ የሞተበት ሰው እጁን እንደማያሠራ ነው። አፉን ታደርቃለች። ለውጡም በሳምንታት እንጂ በቀናት አይመጣም። ታገሺ።»

ሰገነት መታገሥ አትወድም፤ ግን ታገሠች። ለአባይነህ «እጅህን የምታነሣ መድኃኒት ናት» አለችው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ እውነት ነው። ሐዘን ራሱ በሽታ ነው ብትለው ኖሮ «እብድ ነው ያልሽኝ?» ብሎ ክኒኗን የሚተፋት መሰላት። ከፋሲካ በኋላ መዋጥ ጀመረ። በሰኔ ወር አንድ ጠዋት ስትገባ ፈገግ አለ። አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ክንዱ። በምርኩዝ እስከ በረንዳው መሄድ ቻለ። ሐምሌ ሲገባ እናቱን አስጠርቶ «ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ። ሰገነትን አገባለሁ» አላቸው።

እንግዲህ ይህን የሰሙት እናት ናቸው አሁን ከመቀመጫቸው የተነሡት።

«መስተፋቅር!» አሉ ወይዘሮ ለተማርያም። አልጮኹም፤ ያስፈራውም አለመጮሃቸው ነው። «ብዬ ነበር እኮ። እናቱን አይቶ የማይስቅ ልጅ ይቺን ሲያይ ጥርሱ የሚገለጠው በምን ምክንያት ነው ብዬ ነበር። በክኒን አስመስላ ታበላዋለች ለካ!»

«የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ እትዬ ለተማርያም።» «እሜቴ» ብላቸው አታውቅም። እናቷ ትላቸዋለች፤ እሷ አትልም።

«ሐኪሙንስ ማን አየልኝ? እሱንም አጠጥታው ይሆናላ!»

ከጠያቂዎቹ አንዱ ሳቁ አምልጦት ወዲያው በሳል ሸፈነው።

«እንዴ፣ ታዲያ የኔ ምራት ስትውጥ የከረመችው መስተፋቅር ነው?» አሉ ወይዘሮ ሥራዬ ግራ ተጋብተው። «ባሏን እንደሆነ እስከ ዛሬ ዓይኑን አታይም።»

አባይነህ አልሳቀም። ከታመመ ወዲህ ቃል ከአፉ የሚወጣው እየተጎተተ ነው።

«ሰገነት... የምን መድኃኒት ነው?»

«ነግሬሃለሁ።»

«የእጅ ነው... ያልሽኝ።»

«አዝነህ ነበር። እንደ ሰው ሐዘን አይደለም፣ በሽታ ነው። በሽታው እጅህንም እግርህንም አላሠራ ብሎህ ነበር። ክኒኗ ለዚያ ናት። እጅህ ተነሣ ወይስ አልተነሣም?»

«እጄን... አልጠየቅሁሽም።» በግራ እጁ ደረቱን ነካ። «ይሄንን ነው። ይሄ የኔ ነው? ወይስ... በብልቃጥ ነው ያመጣሽልኝ?»

መልስ ነበራት። ብዙ መልስ ነበራት። ነገር ግን ያ ሁሉ ነጠላ የለበሰ ሰው አንገቱን አስግጎ እየጠበቀ፣ ፍቅሯን እንደ ተከሳሽ ቆማ ልታስረዳ?

«አንተ ካላወቅኸው እኔ አልነግርህም!»

ደረጃውን ወረደች። ከኋላዋ ወይዘሮ ለተማርያም «ደረጃውን በጨው እጠቡልኝ» ሲሉ ሰማች። ይህ አላመማትም። ያመማት አባይነህ ያያት አስተያየት ነው። በፊት እንደ ቁም ሣጥን ነበር የሚያያት፤ አሁን እንደ ሌባ አያት፤ እሷም ወደ ፈላና በር እስክትደርስ ያ ዓይን ከጀርባዋ ላይ አልወርድ አላት።

*

«ወላሂ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው» አለች ለይላ፣ ሰገነት ሆስፒታል ገብታ መርፌ ስትቀቅል።

ለይላ የጀጎል ልጅ ናት፤ ከሰገነት ጋር በአንድ ዋርድ የምትሠራ ነርስ። የምታስበውን ለመናገር ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም።

«እኔ ምን አጠፋሁ? ከሬሳ ሰው አወጣሁ!»

«አልነገርሽውማ። የደነዘዘው ቀኝ ጎኑ ነው፤ ጭንቅላቱማ አለ።»

«ብነግረው አይውጥም ነበር።»

«አላህ ያውቃል። አንቺ ግን አታውቂም፣ አልጠየቅሽውማ።» ቀና ብላ አየቻት። «ደግሞ እነዚያ መርፌዎች ምን በደሉሽ? ልትሰብሪያቸው ነው። ወዲያ በይ፣ እኔ ልቀቅላቸው።»

ሰገነት ካፖርቷን ደርባ ወጣች። ለይላን ተናደደችባት፤ እውነቷን ስለሆነ ተናደደችባት። እሺ፣ ትነግረዋለች። ከሀ እስከ ፐ ትነግረዋለች።

የፎቁ ዘበኛ ግን በሩን በደረቱ ሸፈነው። «ታዝዣለሁ፣ ሲስተር። እሜቴ እንዳትገባ ብለዋል። እንጀራዬ ነው።»

እንግዲህ ከፎቁ ፊት ለፊት፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ መሐል ቆመች። ታክሲዎቹ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፣ ከታች ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ የስፌት መኪና ድምፅ ይንጫጫል፣ ዝናብ ሊጥል ሰማዩ ጠቁሯል። ቀና ስትል አባይነህ በምርኩዙ እየተጎተተ ወደ እንጨት በረንዳው ወጣ። አይቷት ነው የወጣው። ልቧ ዘለለ፤ በዚያም ተናደደች።

«በሩን አስከፍትልኝ!» ብላ ጮኸች።

«ክኒኑን... ትቻለሁ!»

«ምን?»

«ትቻለሁ! ያለ ክኒኑ... እወድሽ እንደሆነ... ልወቅ። ከወደድኩሽ ወርጄ... እመጣለሁ።»

«በየትኛው እግርህ?»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። አንድ የታክሲ ሹፌር ከመስኮቱ ብቅ አለ። «አንቺ እህት፣ ሰው እኮ በአካሉ አይሰደብም!»

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ!» አለችው፤ ዓይኗን ከበረንዳው አላነሣችም። «አባይነህ! ሚዛን መሰለህ? ክኒኗን አንሥተህ የቀረውን የምትመዝነው መሰለህ? ታማሚ እኮ ነህ!»

«ማወቅ... መብቴ ነው» አለ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ዞሮ እየተጎተተ ገባ።

ዝናቡ መጣ። ሹፌሮቹ ወደየመኪናቸው፣ ነጋዴዎቹ ወደየሱቃቸው ሮጡ። እሷ እየበሰበሰች ቆመች። መብቱ ነበር። ከሁሉ በላይ ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ የሚሠራው ስሕተት መብቱ መሆኑ።

*

ነሐሴ አለቀ። ሰገነት ከሥራ ስትመለስ በፈረስ መጋላ በኩል ታልፋለች፣ ቀና ብላ ባዶውን በረንዳ ታያለች፣ ራሷን ትሳደባለች። ወሬው በቁርጥራጭ ይደርሳታል። መጀመሪያ ለውዙን ተወ። ቀጥሎ ምርኩዙን ተወ። ከዚያ ከአልጋው መውረድ ተወ። ዶክተር ሙሉጌታ ሊያየው ሄዶ ወይዘሮ ለተማርያም በትልቅ አክብሮት፣ ጠጅ አቅርበው፣ በሽተኛውን ሳያሳዩ መለሱት። ሰገነት በእሳቸው ተናደደች፤ ጠጁን ጠጥቶ በተመለሰው ሐኪም ተናደደች፤ እግሩ ባይሠራም «ነይልኝ» የሚል መልእክት መላክ ባቃተው ሰው ተናደደች። እሷስ? እሷም አልሄደችም። ኩራት ይሉት ነገር ያዛት።

አደይ አበባ ሜዳውን በሸፈነበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፈላና በር ያለው ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ ጥቁር ካባ የደረቡ ሴት ቆሙ። ጠላ የሚጠጡት ሁለት ወታደሮች ጣሳቸውን አስቀምጠው ተነሡ። አበበች መቀመጫውን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች።

«እሜቴ! እዚህ ድረስ በእግርዎ! ምነው ቢልኩብን?»

«ልጅሽን ፈልጌ ነው» አሉ ወይዘሮ ለተማርያም። አልተቀመጡም።

ሰገነት ከጓዳ ወጣች። «ደረጃው ታጥቦ አለቀ፣ እትዬ?»

«አንቺ ልጅ!» አለች አበበች።

«ተያት፣ ትስደበኝ።» ወይዘሮዋ ከስተዋል። ከካባቸው ውስጥ አንገታቸው ብቻ የቀረ ይመስላል። «አይበላም። ባጎርሰው አፉን አይከፍትም። ጠበሉንም ተጠምቆ ዝም ነው። ትናንት ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እማዬ፣ እኔን እስከ መቼ ሲጠብቁ ሊኖሩ ነው? ቢተዉኝስ› አለኝ። እኔን እናቱን!» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ጠግነው ቀጠሉ። «ያንን ነገር ስጪው።»

«የቱን ነገር?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ስሙን ይጥሩት።»

«መስተፋቅሩን! መስተፋቅሩን ስጪው! ከፈለግሽ ጨምሪበት። አንቺን ይውደድ፣ እኔን ይጥላኝ፣ ከቤቴም ያስወጣኝ፤ ብቻ ይነሣልኝ።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ታቅፋቸውና አብራ ታለቅስ ነበር። አበበች ዕንባዋን መጥረግ ጀምራለች። ወታደሮቹ እንኳ መሬት መሬት ያያሉ። የሰገነት ደም ግን ፈላ። ጣት በጣት፣ ጡንቻ በጡንቻ የለፋችበት ሥራ ሁሉ በእኒህ ሴት አፍ እየተለመነም ድግምት ነው!

«እኔ መስተፋቅር የለኝም። መድኃኒት ነው ያለው። ‹መድኃኒት ነው› ካሉ አሁኑኑ እነሣለሁ። መስተፋቅር ነው ካሉ ግን ጠንቋይ ይፈልጉ፤ ሐረር ሙሉ ሞልቶልዎታል።»

«ሰገነት!» አለች እናቷ። «እናት እኮ ናቸው! አንጀት የለሽም?»

«ተይኝ፣ እማዬ!»

ወይዘሮ ለተማርያም ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። በመጨረሻ፣ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨማደው፣ «መድኃኒት ነው» አሉ።

ሰገነት ነጠላዋን አነሣች።

«ቢሆንም» አሉ ወይዘሮዋ ከኋላዋ እየተከተሉ፣ በለሆሳስ፣ «ትንሽ ብትጨምሪበት ምናለ?»

መልስ አልሰጠቻቸውም። ሆስፒታል ጎራ ብላ ዶክተር ሙሉጌታን አነጋገረች። «ከትንሹ መጠን ይጀምር፤ ነገ እኔ ራሴ አየዋለሁ፤ አሁንስ ጠጅ አልጠጣም» አላት። ክኒኗን ይዛ በፈረስ መጋላ ሽቅብ ስትወጣ እግሯ እየሮጠ፣ ልቧ ደግሞ ወደ ኋላ እየጎተታት ነበር። «አልወድሽም» ቢለኝስ የሚል ፍርሃት ነበር የጎተታት፤ እሷ ግን ስሙን ንዴት አለችው።

*

ክፍሉ ተዘግቶ የከረመ ጨርቅ ይሸታል። አባይነህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ ጢሙ አድጓል፤ ቀኝ እጁ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ከብርድ ልብሱ ውጭ ተጥሏል። ሰገነት መጋረጃውን ገለጠችው።

«መጣሽ» አለ። ጥያቄ አልነበረም።

«መጣሁ።»

«ሞከርኩት።»

«ምን አገኘህ?»

«ምንም። ስትገቢ... ልቤን ጠበቅሁት። ምንም አላለኝም። ክኒኑ ነበር፣ ሰገነት። ይቅርታ... አድርጊልኝ።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ይህ ጨው የሌለው ይቅርታ፣ ይህ እንደ ሬሳ የቀዘቀዘ ትሕትና ጭንቅላቷ ላይ ወጣ። ወደ በሩ አየች። ወይዘሮ ለተማርያም መረቅ በሳህን ይዘው መግባትም መመለስም አቅቷቸው ቆመዋል።

«እናትህን ትወዳቸዋለህ?»

«ምን?»

«እናትህን! ያውልህ፣ በሩ ላይ ቆመዋል። ዞር በልና እያቸው። የልጅነትህን አልጠየቅሁህም፤ አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ልብህ ውስጥ ፈልግና ንገረኝ። ትወዳቸዋለህ?»

አንገቱን በዝግታ አዞረ። እናቱን ለረጅም ጊዜ አየ።

«አይሰማኝም» አለ በሹክሹክታ።

«እሺ። ካርታዎችህን?»

«አይሰማኝም።»

«ፀሐይዋንስ? ያው ገባችልህ፤ ከአልጋህ ላይ ናት። ደስ ትላለች?»

«ተዪኝ...»

«አልተውህም! ታዲያ ለእናትህ መስተፋቅር ያበላህ ማን ነው? እኔ ነኝ? ዕድሜህን ሙሉ እሳቸውን የወደድከው በየትኛው ክኒን ነበር?»

ዓይኑን ከእናቱ ወደ እሷ መለሰ።

«ሚዛንህ ውሸታም ነው! እኔን ብቻ ቢያጎድለኝ ኖሮ አምነው ነበር፣ አባይነህ። በእናቴ እምላለሁ፣ ይህን ደረጃ ወርጄ ዳግመኛ አታየኝም ነበር። ግን ሁሉን ነው ያጎደለው! እናትህን አጎደለ፣ ሥራህን አጎደለ፣ ፀሐይን አጎደለ። የበላቸው በሽታው ነው። አንተ ደግሞ በሽታውን ዳኛ አድርገህ ሾምከውና ‹ፍቅር የለህም› ብሎ ሲፈርድብህ እጅ ነሣህ! ክኒኗ የሰጠችህ ነገር የለም። የተወሰደብህን ነው ያስመለሰችልህ።»

«አልነገርሽኝም» አለ። ድምፁ ውስጥ አንድ ነገር፣ በጣም ትንሽ ነገር፣ ሻከረ።

«አልነገርኩህም። ፈራሁ፤ ክኒኗን ትተፋታለህ ብዬ ፈራሁ። በድዬሃለሁ። አሁን ግን ሁሉን ሰምተሃል። ይቺ የሐዘን መድኃኒት ናት። እጅህን ታንቀሳቅስ እንደሆነ ሐኪሙ ራሱ አያውቅም። አፍህን ታደርቃለች። ብትውጣት ነገ አትስቅም፤ ሳምንታት ትጠብቃለህ፣ ያኔም እጅህን የምታሠራው አንተ ነህ። ምናልባት ድነህም አትወደኝም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ የደበቅሁት የለም።»

ክኒኗን በአልጋው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ውኃውንም አስጠጋች። እሷ ግን ወደ ኋላ ሸሸች።

ወይዘሮ ለተማርያም ሳህኑን ጥለው ሮጡ ማለት ይቻላል። ክኒኗን አንሥተው ወደ ልጃቸው አፍ ሊወስዱ ሲሉ ሰገነት የእጃቸውን አንጓ ያዘች። የጠላ ሻጭ ልጅ የፊታውራሪ እንደሻውን ሚስት እጅ ያዘች።

«ያስቀምጡት!»

«ልጄ ነው!»

«ልጅዎ ነው፤ ሕፃን ግን አይደለም! በጉርሻ ቀበሩት እኮ! በጉርሻ ገደሉት!»

«እናቴ ላይ... አትጩኺ!»

ሁለቱም ዞሩ፤ ወይዘሮዋም ክኒኗን ጠረጴዛው ላይ መለሷት። አባይነህ በግራ ክንዱ ተደግፎ ከትራሱ ቀና ብሏል። የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ዓይኑ ውስጥ፣ ከሐምሌ ወዲህ ማንም ያላየው እሳት አለ።

ሰገነት እሳቱን አየችው። ነገር ግን ደስታዋን ውጣ፣ በእሳቱ ላይ እንጨት ጨመረች።

«እጮሃለሁ! ምን ታደርገኛለህ?»

«ከቤቴ... ትወጫለሽ!»

«ማን ያስወጣኛል? አንተ? ይኸው፣ ቆሜያለሁ፤ ና አስወጣኝ!»

ብርድ ልብሱን ገፈፈ። ቀኝ እጁን ወደ ጠረጴዛው ሰደደው፤ እጁ ግማሽ መንገድ ሄዶ ወደቀ። ጥርሱን ነክሶ እንደገና ሰደደው፤ ጣቶቹ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነኩ እንጂ አልጨበጡም። ወይዘሮ ለተማርያም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው አለቀሱ፤ እጃቸው ግን በቦታው ቆየ። በመጨረሻ አባይነህ ተራግሞ በግራ እጁ፣ በዚያ በነውረኛው እጁ፣ ክኒኗን አነሣና ያለ ውኃ ዋጣት። ጉሮሮው ሲቧጨር ታየ።

«ላንቺ ብዬ... አይደለም» አላት እያለከለከ።

«ለኔ እንዳይሆን!»

«አታለሽኛል።»

«አታልያለሁ።»

«በእግሬ የቆምሁ ዕለት... መጀመሪያ የማስወጣው... አንቺን ነው!»

«በእግርህ ቁምና አስወጣኝ! በሩን እኔው ከፍቼ እጠብቅሃለሁ።»

ትራሱን ሊወረውርባት ሞከረ። ትራሱ ከአልጋው ሥር ወደቀ። ወይዘሮ ለተማርያም ሊያነሡት ጎንበስ አሉና፣ ወዲያው አንድ ነገር እንደታሰባቸው ሰው ቀና አሉ። ልጃቸውን አዩት። «አይሰማኝም» ብሏቸው ነበር፤ «እናቴ ላይ አትጩኺ» ያለው ግን ይኸው ልጅ ነው። ፊታቸው ላይ ፍርሃትና ተስፋ ተያይዘው መጡ፤ ትራሱን ከወደቀበት ተዉት።

ሰገነት ወጣች። ደረጃው መሐል ስትደርስ ተቀመጠች። ሐኪሙ የነገራትን አልረሳችም፤ ገና ብዙ ሳምንት አለ፤ እጁ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ ድኖም ከልቡ ሊያባርራት ይችላል። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ነገር ግን ክኒኗ ገና ጉሮሮው ውስጥ ናት፤ ምንም አልሠራችም፣ ለመሥራትም ጊዜ አልነበራትም። ያ ሁሉ ቁጣ ከየትም ብልቃጥ አልተቀዳም። የገዛ ራሱ ነው።

ከላይ ድምፁ አሁንም ይሰማል፤ ቃሉ እየተጎተተ፣ እየተደናቀፈ፣ እሷን ይራገማል። አንገቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እርግማኑን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። እንዲህ ያማረ ነገር ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ነግቶ መጥታ እስክታናድደው ቸኮለች።